የጣሪያው ገመድ

ከቫሌታ በር ላይ፣ ከፏፏቴው አጠገብ፣
ቢጫዋ አውቶቡስ ቆማ ሰው ስትሰበስብ፣
ዌንዙ በእጁ ጨርቅ አፍንጫዋን ያብሳል፤
“ጡረታ ከኔ ጋር እኩል ይገባታል፣
እሷ ናት እምቢ ያለች” ይልና ይስቃል።

ግራዚየላ ማይኩን እፍ ብላ ሞከረች፤
“በቀኝ ምሽግ አለ፤ በግራ ወደብ” አለች፤
የቦምቡን፣ የምሽጉን ዓመቱን ታውቃለች፤
ሁሉን እንደ ዳዊት በቃል ትደግማለች፤
በቀን አራት ጊዜ እዚያው ላይ ትስቃለች።

እኔ ከኋላ ወንበር፣ ጆሮዬን አቁሜ፣
ከቋንቋቸው መሐል የኔን ለቃቅሜ፣
ባሕሩን “ባሐር”፣ ዓይኑንም “ዓይን” ሲሉት፣
ሞቱን አለዝበው “መውት” ብለው ሲጠሩት፣
ማንም ሳይጠይቀኝ ዝምድና ቆጠርኩበት።

ፓውላ ልንገባ ስንል፣ ታፔላ በሌለበት፣
አንዲት ባልቴት ወጥታ እጇን ዘረጋችበት፤
በዘንቢሏ ሽንኩርት፣ በጭብጧ ሳንቲም፤
ፌርማታው ተነቅሏል፤ እሷ አልተነቀለችም።
ግራዚየላ በማይኩ “አይቻልም!” ስትል፣
ዌንዙ ፍሬን ያዘ። እግር አይረሳም አመል።

“ቸቲና፣ ግቢ” አላት፤ ገባች እያቃሰተች፤
አንዱን ጀርመን ነክታ “ቦታዬ ነው” አለች፤
ቋንቋዋን ባያውቅም ብድግ አለ ሰውዬው።
ዌንዙ “አልቀበልም” ቢል ሳንቲሟን ኪሱ ከተተችው፤
ከዩሮ በፊት የነበረ፣ ዛሬ የማይሠራው።

“የጉብኝቱ አካል ናት?” ብሎ አንዱ ጠየቀ፤
ካሜራው ተነሣ፣ ብልጭታው ፈነጠቀ።
ግራዚየላ ማይኩን ከአፏ አራቀች፤
ነችም አይደለችም ማለት አቃታት፣ ዝም አለች።

“ማክሰኞ ማክሰኞ እህቷ ቤት ትሄዳለች፤
ለመጣላት” አለን ዌንዙ በመስታወት።

ያኔ ነው ቸቲና ክንዷን የዘረጋች፣
የጣሪያውን ገመድ ጠበቅ አርጋ የሳበች።
ያ ገመድ እኮ ለኛ ጌጥ ነበር የመሰለን፤
ግራዚየላም ስንገባ “አትንኩ” ነው ያለችን።
ጭል! አለ ደወሉ፣ ከሞተሩ በላይ፤
ወረደች። አንድ ሽንኩርት ቀረ ወለሉ ላይ፣
በየመታጠፊያው እየተንከባለለ፣
ወንበሩን በሙሉ ጎብኝቶ እየዋለ።

ግራዚየላ “በቀኝ…” ብላ ጀመረችና
የቱ ጋ እንደነበረች ጠፋባት እንደገና።
ዌንዙ ሞተር አጥፍቶ በጣቱ ጠቆመ፦
“በቀኝ፣ አረንጓዴው በር።” ጉብኝቱ ቆመ።

የሁለት ባልቴቶች ጭቅጭቅ ተሰማ፤
ካሜራ ያነሣ አንድም ሰው የለማ!

“ምንድን ነው የሚሉት?” አለ ጀርመኑ ቀስ ብሎ።
“ሽንኩርቱ አንድ ጎደለ” አለ ዌንዙ ዞሮ።

ወደ እግሬ አየሁ።