ቀዩ ሸራ

ዋሃካ፣ ከሰዓት፤ አረንጓዴው ድንጋይ ፀሐይ ጠጥቶ ግሏል፤
ገዳም በነበረው፣ ዛሬ ሥዕል በሞላው፣ ኤውሴቢዮ ይውላል፤
ሦስተኛው ክፍል ውስጥ፣ ከትልቁ ቀይ ሸራ ፊት ለፊት፣
አንድ እግሯ በካርቶን የተደገፈች ወንበር ሰጥተውት።

ጎብኚዎች ይመጣሉ፤ አንገታቸውን ያዘነብላሉ፤
"ደም ነው" ይላል አንዱ፤ "ፍቅር" ይላል ሌላው፤ ይከራከራሉ።
አንዷማ አለቀሰች፤
ስልኳን አወጣችና ከነዕንባዋ ፎቶ ተነሣች።
ኤውሴቢዮ ዝም። "አትንኩ" ነው የተቀጠረበት ቃል፤
ሌላውን አስጎብኚው ያውቃል።

ዛሬ ከደጅ የሠርግ ጥሩምባ ጮኸ፣ ተማሪው ሁሉ መስኮት ላይ ሰፈረ፤
ኔሬይዳን የያዛት ግን ሌላ ጥያቄ ነበረ፦
"ይሄን ቀይ ከምን ሠሩት?"
በአሥራ አንድ ዓመት የመጀመሪያዋ ናት።

"ቁልቋል ላይ ቅማል አለ፣ ነጭ ዱቄት የለበሰ፤
ስትደፈጥጪው ግን እሳት በጣትሽ ፈሰሰ።
እናቴ በኪሎ ሸጣ ጫማ ገዛችልኝ፤
ጥፍሬ ቀይ ነው ብለው ልጆች ሳቁብኝ።"

አውራ ጣቱን ዘረጋ፤ ታጥቧል፣ ምንም የለው፤
እሷ ግን አንገቷን አዘነበለች፤ ራቅ አለች፤ ቀርባ አየችው።
እጇን ስትሰድ፣
"አትንኪ" አላላትም።