የውሃ አባት

ከጊራና ደሴ በሌሊት መኪና
ይዤ መጣሁ ሉባባን፣ ትንፋሽ አጥሯታልና።
አምና ሙሉ ሣጥን ቲማቲም 'ምትሸከም፣
ዘንድሮ ሻሿንም የምትችል አይመስልም።
ሦስት ጊዜ አረፈች ደረጃው መሐል፤
ባሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ይኼ ምን ይባላል?

ጨለማ ክፍል ነው። ሐኪሟ ቅባቱን
ደረቷ ላይ ቀብታ፣ አበራች መስኮቱን፤
«ልቧ ይኸው፣ አባባ» ብላ አሳየችኝ፣
ግራጫ ጉም ነበር፣ ጉም ውስጥ አስገባችኝ።
«ሁለት ክፍል ከላይ፣ ሁለት ደግሞ ከታች፤
መሐላቸው በር አለ» በጣቷ እየነካች፤
«የግራው በር ጠቧል፣ አይከፈት በቅጡ፣
ደሙ ከላይ ቀርቷል፣ ጨንቆት አወጣጡ።»

ሌላውን ሳትነግረኝ ቀድሞ ገባኝ እኔን፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቦይ ላይ ፈጀሁ ዕድሜዬን።
የውሃ አባት ነኝ፣ ተራ እደለድላለሁ፣
መዝጊያ ደለል ሲይዘው የሚሆነውን አውቃለሁ፤
የታችኛው ማሳ ሽንኩርቱ ይጠወልጋል፣
የላይኛው ደግሞ እስኪነፋ ይጠግባል፤
ውሃ መውጫ ሲያጣ ግድቡን ይለጥጣል፣
ወደ መጣበት ዞሮ የሰው ቤት ይገባል።

ለካ ሌሊት ሌሊት ተነሥታ 'ምትቀመጥ፣
ሳንባዋ ረግረግ ሆኖ፣ ፈርታ ነው እንዳትሰምጥ።

«የተለጠጠው ክፍል» አለች «ምቱን ስቷል፤
መጭመቁን ትቶ፣ ዝም ብሎ ይርገበገባል።»
ኩሬ ላይ ነፋስ ሲያልፍ አይቻለሁ እኔ፤
የቆመ ውሃ የሚያበቅለውን አይቻለሁ በዓይኔ፤
ጥጉ ላይ አረንጓዴ፣ ልሙጭ፣ እንደ ጨርቅ፤
አንድ ቀን ተገምሶ በቦዩ ሲዘልቅ —
«ወዴት ይሄዳል?» አልኳት።

ምንም ሳትል ግንባሯን ነካች።

በሰባት ዓመቷ «ጉሮሮዬን» ብላኝ፣
ጉልበቷ ሲያብጥም «ብርድ ነው» አስባለኝ
የነእንድሪስ ተራ። ውሃ ልለቅ ሮጥኩ።
የሰው ሽንኩርት ዳነ።
ደለል ሲሞላው የልጄን በር
አላወቅኩም ነበር።

ደም የሚያቀጥን ኪኒን፣ በየወሩ መርፌ፣
ለአዲስ አበባ ወረቀት — ይዤ ወጣሁ አቅፌ።
ውጫሌ ላይ ተኛች። የደም ሥሯን ጨበጥኩት፤
አንድ። ሁለት-ሦስት። አራትን ጠበቅኩት፤
ቆየ፤ እንደ ግንቦት ወንዝ።
መጣ።

ስልኬ ጮኸ። እንድሪስ ነው።
«እሰይ፣ ተገኘህ» አለ፤
«ውሃው ቆሟል። ዛሬ ተራው የማን ነው?»