ያላደረ ጭቃ

አራት መቶ ሼቄል ከፍዬ፣ ደረሰኝ ተቀብዬ፣
ጭቃ ልረግጥ መጣሁ ይሩሃም፣ ሱሪዬን ጠቅልዬ።
ኖጋ ትባላለች፣ አፍንጫዋን ፀሐይ የላጠው፣
"ጫማ አውልቁ" አለችን። የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው።

አፈሩን በጠርሙስ ከውሃ ጋር ናጥን፤
ጠረጴዛ ላይ አቁመን፣ ዙሪያውን ቁጢጥ ብለን አፈጠጥን።
አሸዋው ቶሎ ተኛ። ደቃቁ ተከተለ።
ሸክላው ግን፣ እንደ ሐሜት፣
ከላይ እንደ ተንሳፈፈ፣ ሳይወርድ ዋለ።

"አንተማ ታውቀዋለህ" አለች ኖጋ፣ በቅንነት።
አሥር ፊት ዞረብኝ።
እኔ የማውቀው ግን ብሎኬት፣
ከዚያም በፊት ካራቫን፣ ጣሪያው ክረምት የሚያለቅስበት፤
ከዚያ በፊት ያለውን፣ በአክስቴ ጀርባ ተኝቼ ነው የተውኩት።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ "የተወለዳችሁበትን ቤት ሳሉ" ሲሉን፣
ቀይ ጣሪያ ሳልኩ፣ መስኮት ከነመጋረጃው፣
ጭስ ማውጫም ጨመርኩ።
ግድግዳውን ነጭ ተውኩት። የወረቀቱን ነጭ።

ረገጥን። ጭድ በተንን። ሸራውን ገልብጠን፣ እንደገና ረገጥን።
ጭቃው በጣቶቻችን መካከል ብቅ ጥልቅ እያለ፤
አርካዲ፣ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ፣ ስንት ድልድይ ያሰላ፣
ክብደቱን ሊነግረን አፉን ሲከፍት፣ በቂጡ ቁጭ አለ።
ሳቅን። እሱም ሳቀ። ከጭቃው ሳይነሣ ቁጥሩን ጨረሰ።

ዓውዳ ብቻ፣ ከራህመ፣ ሳይናገር ያድቦለቡላል፤
ቤቱ ቆርቆሮ ነው፣ የማፍረሻ ትእዛዝ ተለጥፎበታል።
"ለግድግዳ ፈቃድ የለኝም" አለኝ፣ እጁን እያራገፈ፣
"መቀመጫ ግን ግድግዳ አይደለም።"

መቀመጫ ሠራን፣ አንዲት ግራር ጥላ ሥር፤
ስምንት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ መጣች፣ ሥራችንን ልትቆጣጠር።
የዓውዳ ጎን በቀጭኑ፣ እንደ ፀጉር ተሰነጠቀ፤
የኔ ግን ጣት እስኪያስገባ፣ አፉን ከፍቶ ደረቀ።

አክስቴ ፈጠነች ጋ ደወልኩ፣ ኔቲቮት፣ አራተኛ ፎቅ።
"ከጭቃ መቀመጫ እየሠራን ነበር፣ እና…"
"መደብ በለኛ! ስንት ቀን አሳደራችሁት?"
"ዛሬ ጧት ነው ያቦካነው።"
ሳቀች። ሳቋ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ደግሞ ሳቅ።
"ያላደረ ጭቃ እንግዳ ነው፤ ጭዱን ገና አያውቀው።
ሦስት ሌሊት ይደር፣ ይግማ፣ አፍንጫህን ያዝ፤
የገማ ጭቃ ነው ልጄ፣ ቤት የሚይዝ።"

"ለመሆኑ ስንት ከፈሉህ?"
"እኔ ነኝ የከፈልኩ።"
ዝም። የጎረቤቷ ውሻ ሲጮህ፣ ሊፍቱ ሲወርድ ሰማሁ።
"እኛን" አለች በኋላ፣ "ገንቦዬን የምትገዛ ሴት እንኳ
ሳንቲሙን መሬት ትጥልልኝ ነበር፣ 'ቡዳ ናት' ብላ፣ እጄን እንዳትነካ።
አሁን ተከፍሎ ይነካል?"
የምለው ጠፋኝ። ጭቃው ጆሮዬ ላይ ደረቀ።

ከፋሲካ በኋላ ይዣት መጣሁ፣ በአውቶቡስ፣ ከነምርኩዟ፣
የሰንበት ጫማዋን አድርጋ።
መደቡ ላይ አልተቀመጠችም። ዞረችው።
እንደ ገንቦ፣ በጣቷ አንጓ ኳ ኳ አድርጋ አዳመጠችው።
የዓውዳን ጎን ዝም ብላ አለፈች፤ የኔ ጋ ቆመች።
"ይህን ማን ለሰነው?" አለች።
"እኔ።"
"ያስታውቃል።"

ሸራው ሥር፣ ኖጋ ለሚመጣው ቡድን ያቦካችው፣
አራት ሌሊት ያደረ ጭቃ ይሸታል።
አክስቴ ሸተተችው።
ከዚያ ምርኩዟን ለኔ ሰጥታ፣
ጎንበስ አለች፣ የግራ ጫማዋን ልትፈታ።