ቤት ለእንግዳ

ከኮምቦልቻ መጡ፥ በገለባ ታቅፈው፣
የሐረጎን ጥምዝ ሳይሰበሩ አልፈው፤
ሹፌሩን ለመንኩት፦ «ቀስ በል፥ ነፍስ ጭነሃል።»
«ነፍስ ከሆነማ» አለኝ፥ «ሂሳብ ይጨመራል።»

ሰባተኛው ለታ ዘሀራ በመጋዝ
ቅርፊቱን ቀደደች፥ ትንፋሿን በመያዝ።
በጣት ጥፍር መስኮት ልብ ሲዘል ይታያል፤
ገና ክንፍ ሳይኖረው፥ ደሙን ግን ይረጫል።

በዚያች መስኮት አስገባን፥ ከጤፍ የማትበልጥ፣
ከአንዲት ሴት ጡት የወጣች የዕጢ ቅንጣት፤
ስሟን አናውቅም፤ ካርዷ ላይ ቁጥር አሥራ አራት።

ከዚያ መጠበቅ።
መብራት ሄደ፤ ጀነሬተሩ ሲያስነጥስ አደረ፤
የጦሳ ብርድ ደጃፉ ላይ ሰፈረ።

ሦስት ቀን። ደም ሥሮቹ መንገድ ቀይረው
እንደ ሰኞ ገበያተኛ ወደ እሷ ይጎርፋሉ።
ምን ብላ ጠራቻቸው?
ጫጩቱም ዓይኑ ሳይገለጥ «ቤት ለእንግዳ» ይላል፤
ያለውን ያነጥፋል።

ባዶ ወረቀት ያኖርንበት እንቁላል ውስጥ ግን
ሰላም ሳይሉ ያልፋሉ።

ዘሀራ ቆጠረች፦ ሰላሳ አንድ።
መድኃኒቱን ባጠጣነው፦ አሥራ ዘጠኝ።
ደስ አላት። እኔ እርሳሱን እንደያዝኩ ቀረሁ፤
ለአንዲት ጤፍ
አሥራ ዘጠኝ መንገድ።