የጣት ስፋት

ሰኞ ነው፤ መሐል ሜዳ። ውርጩ ሣሩን ነክሷል፤
የመሬት ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ሰው ተኮልኩሏል።
ባናዬን ደርቤ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ፣
እንደ ሁልጊዜው ሁለቱ እስኪነቁ ጠበቅኩ።
ግራው የመዝገብ ነው፦ ስም፣ የአባት ስም፣ ቁጥር፤
ቀኙ የካርታ ነው፦ ማሳ፣ መንገድ፣ ድንበር።

ግራው ነቃ።
ቀኙ ግን አልነቃ፤
«ሲግናል የለም» አለ፣ ይህንኑ ብሎ አበቃ።
ከታች ጥጉ ላይ አንዲት ብርቱካን መብራት
ብልጭ ትላለች፣ መተንፈስ እንዳቃታት።

የገረመኝ ማሽኑ ነው፤ መርዶውን አልሰማም፤
አሁንም ሁለት ብሎ ይቆጥራል፣ አንዱን አልቀነሰም።
የከፈትኩትን ካርታ እዚያው ጨለማ ውስጥ ዘረጋ፤
የማውሱ ቀስት ጠርዙን ተሻግራ ጠፋች፣ እንደ ወጣ በግ ከመንጋ።

ውጭ አግዳሚው ላይ ዘውገና ጥሩነህ፤
የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ ስታያቸው ግን ባዳ ትላቸዋለህ።
መካከላቸው ክፍት ነው፣ ሦስት ሰው ያስቀምጣል፤
ባለጉዳይ ሁሉ ቆሟል፣ እዚያ መሐል መግባት ማን ይደፍራል?
ክሳቸው ስለ አንዲት ትልም ነው፣ ለሞፈር መዞሪያ የማትበቃ፤
አባት ሳይናዘዝባት ሞቶ፣ ለልጆቹ የተረፈች ለጠብና ለጠበቃ።
ሦስቴ ቀጥሬያቸዋለሁ፤ ለዛሬ ነው አራተኛው፤
ካርታቸው ደግሞ ያለው እዚያ ነው፣ በጨለመው።

ደብረ ብርሃን ደወልኩ፣ ልሳነወርቅ ዘንድ፤
«ስክሪኑን አትክሰሺው» አለኝ፣ «ጀምሪ ከገመድ።
የግራውን ነቅለሽ ለቀኙ አበድሪው፤
ከበራ ጤነኛ ነው፣ በሽታው ከሌላ ነው።»
አበደርኩት። በራ።
ጨለማው ተዛውሮ ሄዶ ተቀመጠ ከግራ።
«በቃ፣ ገመዱ ነው» አለ ልሳነወርቅ፤
ሳቄን ዋጥኩት፤ በሩ ክፍት ነው፣ ባለጉዳይ ፊት አይሳቅ።
በዚህ ቢሮ ገመድ ሲባል የማሳ መለኪያ ነው፤
ላልቷል፣ ተወጥሯል እየተባለ ስንቱን ዘመድ የለያየው።

ጫፉን ገልብጬ አየሁት። ከመርፌዎቹ አንዷ
ጎብጣለች፣ ጠፍቷት መግቢያ መንገዷ።
በመፋቂያ እንጨት ጫፍ ቀስ ብዬ አቀናኋት፤
እፍ ብዬ፣ ከቤቷ አስገብቼ፣ በብሎን አሰርኳት።

ሁለቱም በሩ። ግን ቀኝና ግራው ተገለባብጧል፤
ቀስቷን ወደ ቀኝ ስገፋት ጠርዙ ግንብ ሆኖ ይመልሳታል፤
ወደ ግራ ስትሸሽ በማዶ ዳር ብቅ ትላለች፣
እንዳኮረፈች እህት ሠርግ ቤት በጓሮ በር ትገባለች።
«ማስተካከያው ውስጥ አንድና ሁለት ተብለው ተስለዋል፤
ጎትተሽ አስማሚያቸው፣ ጠረጴዛሽ ላይ እንዳሉት» ብሏል።
ጎተትኩ። ሁለቱ ሣጥኖች ጎን ለጎን ገጠሙ፣
በራስም በግርጌም እኩል ሆነው ቆሙ።

«ዘውገ! ጥሩነህ!» ገቡ ከነኩርፊያቸው፤
ካርታውን አጉልቼ ከዳር ዳር ዘረጋሁት፣ አንድ ስክሪን ስላልበቃቸው።
የዘውገ በግራ ዋለ፣ የጥሩነህ በቀኝ ሰፈረ፤
ወሰኑ ግን፣ ሳላስበው፣ ከሁለቱ ስክሪን ጠርዝ መሐል ተሰወረ።
ዘውገ ቀረበ። ዓይኑን አጥብቦ፣ ጎንበስ ብሎ፣
በጣቱ ጥቁሩን ጠርዝ ከላይ እስከ ታች ተከትሎ፣
«ይቺስ» አለ፣ «ይቺ የጣት ስፋት፣ ይቺ ጥቁሯ የማን ናት?»
«የማንም» አልኩ። «ፕላስቲክ ናት።»

ዝም አሉ።
ጥሩነህ ነው የጀመረው። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤
ሳል መሰለኝ። ሳቅ ነው። ዘውገ ዞሮ አፈጠጠ፤
አልሳቀም። አምስተኛ ቀጠሮ ጻፍኩላቸው።
ሲወጡ ግን አግዳሚው ላይ ጥቂት ሲያርፉ አየኋቸው፤
ክፍቱ ቦታ የሁለት ሰው ነበር፣ መካከላቸው።