ሰሙን አንብቡ

“ቆሽቴ አረረ” አሉ ጋሽ ጀምበሬ አምጠው፣
በአፉላ ሆስፒታል ሆዳቸውን ይዘው።
ወጣት አስተርጓሚው ፈጥኖ በዕብራይስጥ
“ተናደዋል” አለ፣ “ኀዘን አለ ከውስጥ።”

እኔ ምድር ቤት ነኝ፣ ከማሽኑ አጠገብ፣
በብልቃጥ የመጣ ደም በቁጥር የማነብ።
ሊፓዙ ጣራ ነክቷል፤ ስም አውጪ ነው ብቻ፣
ፍጻሜውን አያውቅም፣ የወሬ መክፈቻ።
ዩሪያው ሽቅብ ሲል፣ ካልሲየሙ ሲወርድ፣
ደም ሲወፍር እንደ ማር፣ ያ ነው ክፉ መንገድ።
ዳተኛ ምስክር፣ ሲአርፒ፣ አልመጣም ገና፤
ሁለት ቀን ካልሞላ ቃሉ አይታመንና

ስልክ አነሳሁ፦ “ዶክተር፣ ጽኑ ክፍል ይግቡ፤
ወርቁን ተውትና ሰሙን ብቻ አንብቡ።”

ዝም አለ። ሰምና ወርቅ በዕብራይስጥ ቀለጠ፤
ቁጥሩን ደገምሁለት። “ገባኝ” አለ። ሮጠ።