የሐሙስ ውኃ

ቦሌ አራብሳ ነን፣ አስፋልት ከሚያልቅበት፣
ታክሲው «ወራጅ» ሳይባል ራሱ የሚቆምበት፣
ከጤፉ ማሳ ጥግ፣ አራተኛ ፎቅ።
ውኃው በፈረቃ፣ ሐሙስ ሌሊት ብቻ፣
እሱም ለነቃ ሰው፣ በርሜል ደርድሮ ለሚጠብቅ።

ብሎኩ በሙሉ ሌሊቱን ይረግማል፤
እኔ ግን፣ በሆዴ፣ ቀኑን እቆጥራለሁ።
ሲነጋ የባንክ መስኮት ነኝ፣ የሰው ብር አገላባጭ፣
ሐሙስ ሌሊት ግን ገጽ አገላብጣለሁ፣
ቧንቧውን ከፍቼ፣ አልጋዬ ላይ ወጥቼ፣
መብራት ካለ በመብራት፣ ከሌለ በስልኬ ባትሪ።

ጎሮ፣ ከሊስትሮው ጎን፣ ላስቲኩን አንጥፎ
ጀማነህ ያከራያል፣ ለሳምንት ሃያ ብር።
ሽፋኑ ሮዝ ነው፣ ላዩ ላይ ተረከዝ፤
«የሴት ነው፣» ይለኛል፣ ድምፁን ዝቅ አርጎ፣
በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ እንደ ሐኪም ትእዛዝ።

ወንድሜ ደርቤ፣ የታሪክ መምህሩ፣
ገለጥ ገለጥ አርጎ፣ «የታለ ቁም ነገሩ?»
ቁም ነገሩማ፣ ወንድምዬ፣ እዚህ ማንም አይሞትም፤
ጀግና አይሰቀልም፣ እናት አትቀበርም፣
ዝናብ ሲዘንብ ዝናብ ነው፣ ምሳሌ አይደለም።
መጨረሻውን አውቀዋለሁ፣ ይጋባሉ፤
ደመወዝም በወር መጨረሻ እንደሚገባ አውቃለሁ፣
እሱስ ቢሆን ሲገባ ደስ አይልም?
ለትልልቆቹ መጻሕፍት አልቅሼ ጨርሻለሁ፣
እንባዬን ከፍያለሁ፣
ደረሰኝ ይዣለሁ።

ሶሊያና ትባላለች የዚህኛዋ ሴት።
ቬሎ አከራይ ናት፤ የሰው ሙሽራ ስታለብስ
ሠላሳ ሦስት ሞላት።
አክስቷ በየእሑዱ አንዳንድ ወንድ ይልካሉ፣
እንደ ጨርቅ ናሙና፣
«እዪው፣ ካልተስማማሽ ይመለሳል፣» ይላሉ።

ያን ቀን ማታ ግን ሱቋን ዘጋችና፣
በጣም ውዱን ቬሎ፣ እንዲያው ለአንድ ደቂቃ፣
«እስቲ ምን እመስላለሁ?» ብላ ለበሰችና —
ዚፑ ነከሰ።
ወደ ላይ ብትል፣ ወደ ታች ብትል፣
ላብ ጀርባዋን አራሰ።
በሩ ተንኳኳ።
«ማነው?»
«የመብራት ቆጣሪ!»

ሰውየው ቆጣሪውን አየ፣ እሷን አየ፣
ቆጣሪውን አየ፣
ቁጥሩን ጻፈ፣ ተሳሳተ፣ ሰረዘ፣
ደግሞ ጻፈ፣ ደግሞ ተሳሳተ።
እኔ ብርድ ልብሱን ነክሼ፣ ትራሱን አቅፌ፣
ብሎኩን እንዳልቀሰቅስ ሳቄ በአፍንጫዬ ወጣ፤
ሳቄን ስጨርስ ስሊፐሬ፣ ያለ እኔ፣
እየዋኘ ከመታጠቢያ ቤት መጣ።

በርሜሉ ሞልቶ፣ ባልዲው ሞልቶ፣ ወለሉም ሞልቷል።
በሬ ተንኳኳ።
«ቆጣሪ?» ልል ነበር።

ወይዘሮ አመለወርቅ ናቸው፣ ከሦስተኛ ፎቅ፣
ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር፣
ደረጃ ላይ «ደህና አደሩ» ስል አንገት ብቻ የሚነቀንቁ፤
አሁን መጥረጊያ በእጃቸው፣ ፎጣ በራሳቸው፣
ከቅንድባቸው የኔ ውኃ ጠብ ሲል።
«አንቺ ልጅ! ዓባይን ጣራዬ ላይ ስትለቂው
ምን እየሠራሽ ነበር?»
አፌ መልስ ሲያጣ ጣቴ መሰከረ፣
ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ እንደተቀረቀረ።

መነጽራቸውን ጠረጉ። ቆመው አንድ አንቀጽ አነበቡ።
ገጹን ገለበጡ።
እግራቸው ውኃ ውስጥ ነው።
«ይሄ፣» አሉ፣ «ኤግዚቢት ነው፣»
በብብታቸው ይዘውት ወረዱ።

ዓርብ ዝም። ቅዳሜ ዝም። ጀማነህ ቅጣት ያስባል።
ዚፑስ? ሰውየውስ? ብር እየቆጠርኩ
ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፣ እንደ እሱ።
እሑድ ሌሊት፣ በቧንቧው ቀዳዳ በኩል፣ ከታች ሳቅ ሰማሁ፣
የዛገ በር ሲከፈት የመሰለ፣
አራት ዓመት ጎረቤት ሆነን ሰምቼው የማላውቀው።
ተንበርክኬ ቧንቧውን በማንኪያ መታሁ፣
«እትዬ አመለወርቅ! ዚፑ ለቀቃት ወይ?»
ሳቁ ቆመ።
አንድ ገጽ ተገለበጠ።
«ዝም በይ! ችሎት ላይ ነኝ፤
ለሐሙስ ተቀጥሯል!»